የፕሪንተር ቀለም መልሶ ስለ መሙላትና ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚስማማውን ፕሪንተር ስለ መምረጥ

የርሻ ሥራ በዝናብና በበሬ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። መሬት የሚያዘው፥ የሚከራየውና ለልጅ የሚተላለፈው በጽሑፍ ስለ ሆነ፥ ጽሑፉ የጠፋ እንደ ሆነ የድካሙ ባለቤት ማን እንደ ነበረ ለማስረዳት ያስቸግራል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር እንዲገባ ተደርጓል፤ ከዚያም በኋላ የማሳውን ካርታ የያዘው የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት በኮምፒዩተር እየታተመ መሰጠት ጀምሯል። የኪራይ ውል፥ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዝርዝር፥ የችግኝ መዝገብ፥ ቃለ ጉባኤና ለአቤቱታ የሚሰጥ መልስም ቀድሞ በብርዕና በቀለም ይጻፍ የነበረው ዛሬ አብዛኛው ፕሪንተር በሚባለው የማተሚያ መኪና ይወጣል። ስለዚህ የፕሪንተሩ ቀለም ነገር የጸሐፊው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሹሙና የባለይዞታውም ጉዳይ ነው።

ይህ ነገር በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በተለይ ጐልቶ ይታያል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፥ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ኋላም ለከብት የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፤ ዛፉም በ4 ወይም በ5 ዓመት ሲደርስ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። መሬት የሌለው መሬት ካለው ጋራ ተዋውሎ የተከለ እንደ ሆነ ውሉ ቢያንስ ይህን ዘመን መቈየት አለበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዝገት የሚባለው በሽታ ዲከረንሱን ስለ መታው፥ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በውሉ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚቀመጠው ጢስ በማይታጣበት ቤት፥ ክረምቱ በሚበረታበት አገር ነው። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ወረቀት በጉያው ይዞ ከቀበሌ እስከ ቤቱ መድረስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል። ቀለሙ ውሃ ሲነካው የሚፈስ የሆነ እንደ ሆነ የ5 ዓመት ድካም ማስረጃ በአንድ ቀን ዝናብ ይታጠባል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዋጋው ርካሽ የሆነውን ፕሪንተር ይገዛል፤ ከመኪናው ጋራ የመጣው ቀለም ቶሎ ያልቃል፤ የአዲሱ ካርትሪጅ ዋጋ ከበጀቱ በላይ ይሆናል፤ ጸሐፊውም በጠርሙስ የሚሸጠውን ቀለም ከገበያ ገዝቶ በመርፌ ይሞላዋል። መሙላቱ ጥፋት አይደለም፤ በደንብ የተደረገ እንደ ሆነ ቍጠባ ነው። ጥፋቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ተሞላ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። በዓይን ሲታይ ሁሉም ጥቁር ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ወረቀቱ የረጠበ ቀን ነው።

ስለ ሁለቱ የቀለም ዓይነቶች

የፕሪንተር ቀለም ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ስኳር በውሃ እንደሚሟሟ ፈጽሞ የሟሟ ሲሆን ዳይ ይባላል። ሁለተኛው የማይሟሙ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው የሚገኙበት ሲሆን ፒግመንት ይባላል። ዳይ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ለፎቶግራፍ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ይሟሟል፥ ፀሐይም ቶሎ ያደበዝዘዋል። ፒግመንት ግን በወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከደረቀም በኋላ ውሃ ቢነካው እንደ ዳይ አይፈስም፥ በብርሃንም ለብዙ ዘመን ይቈያል።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጸሓፍት ለብራና የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ከድስትና ከምጣድ የተፋቀውን ጥላሸት ከተቈላና ካረረ እህል ጋራ ወቅጠውና አሽተው ብዙ ጊዜ እስኪበስል ያቈዩታል። ጥላሸትን ብርሃን ስለማያደበዝዘው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። የዛሬው ጥቁር ፒግመንትም የሚሠራው ከዚያው ከጥላሸት ወገን ከሆነ የደቀቀ ካርቦን ነው።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ኤች ፒ የተባለው ፋብሪካ በ650ና በ123 ቍጥር በሚጠሩት ትንንሽ ካርትሪጆቹ የሚሞላው ጥቁር ቀለም ፒግመንት ነው። ያ ካርትሪጅ ካለቀ በኋላ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በሚሸጥ ዳይ የተሞላ እንደ ሆነ ፕሪንተሩ እንደ ቀድሞው ያትማል፥ ፊደሉም ያምራል፤ ነገር ግን ትናንት ውሃ ይችል የነበረው ደብዳቤ ዛሬ አይችልም። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥም የተለወጠ ነገር እንዳለ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቀለም ሲገዛ ፒግመንት ወይም ዳይ የሚለው ቃል በጠርሙሱ ላይ መኖሩ ይመርመር፤ ቃሉ የሌለበት ጠርሙስ ዳይ እንደ ሆነ ተቈጥሮ ይያዝ።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማመን ባይቻል ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ገጽ ታትሞ ይደር፤ በማግሥቱ ጥቂት የውሃ ጠብታ በፊደሉ ላይ ይንጠብና ትንሽ ቈይቶ በጣት ይታሽ። ፊደሉ ከተበተነ ያ ቀለም ለውል፥ ለይዞታና ለፍርድ ወረቀት አይሁን። ሌላ ገጽ ደግሞ ግማሹ በካርቶን ተሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ አንድ ወር ይቈይ፤ ሁለቱ ግማሾች ሲነጻጸሩ የቀለሙ ጽናት ይታወቃል። ይህ ፈተና የሚፈጀው ሁለት ወረቀት ብቻ ነው።

ቀለሙን ስለሚረጨው ራስ

ኢንክጄት የሚባለው ፕሪንተር በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ቀለሙን በጠብታ ጠብታ እየረጨ ይጽፋል። የሚረጭበትም መንገድ ሁለት ነው። የኤች ፒና የካኖን መኪናዎች ከቀዳዳው በስተኋላ ያለውን ቀለም በቅጽበት አግለው አረፋ በማድረግ ጠብታውን ይገፋሉ። የኤፕሰንና የብራዘር መኪናዎች ግን ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚለመጥ ስስ አካል አላቸውና ጠብታውን ያለ ሙቀት ይገፉታል።

ይህን ማወቅ ለሚሞላው ሰው ይጠቅመዋል። በኤች ፒ ትንንሽ መኪናዎች የሚረጨው ራስ በካርትሪጁ ላይ ስለ ተሠራ፥ ካርትሪጁ ሲለወጥ ራሱም አብሮ ይታደሳል፤ ስለዚህ በመሙላት ጊዜ የሚደርስ ስሕተት መኪናውን አይጐዳም። ነገር ግን ያ ራስ የሚቀዘቅዘው በቀለሙ ስለ ሆነ ቀለም አልቆበት ማተም የቀጠለ እንደ ሆነ ይቃጠላል፤ ጥቂት ጊዜ ከተሞላም በኋላ ያረጃል። በኤፕሰን መኪና ግን ራሱ ከመኪናው ጋራ የተሠራ ነው፤ ዕድሜው ረዥም ነው፥ ነገር ግን በክፉ ቀለም ወይም በመድረቅ የተደፈነ እንደ ሆነ ለማደስ የሚጠየቀው ዋጋ ለአዲስ መኪና የቀረበ ነው። ስለዚህ ዳይ እንዲጠጣ በተሠራ የኤፕሰን መኪና ፒግመንት መጨመር፥ ወይም ሁለቱን በአንድ ጋን መቀላቀል አይገባም፤ ቀለሞቹ ሊረጉና ቀዳዳውን ሊደፍኑት ይችላሉና።

ካርትሪጅ ስለሚሞላበት ሥርዓት

1ኛ። ካርትሪጁ ፈጽሞ ሳይደርቅ፥ ፊደሉ መሳሳት በጀመረ ጊዜ ይሞላ። ባዶውን ለሳምንታት በመሳቢያ ያስቀመጠ ሰው በውስጡ ያለው ስፖንጅ ስለሚደርቅበት ኋላ ቢሞላውም አይሳካለትም።

2ኛ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ መርፌ ይኑር። ባለ ሦስት ቀለም ካርትሪጅ ሦስት ክፍል ስላለው የትኛው ክፍል የትኛው ቀለም እንደ ሆነ ቀጭን እንጨት በቀዳዳው አስገብቶ ማየት ይገባል፤ የክፍሎቹ አቀማመጥ ከካርትሪጅ ካርትሪጅ ይለያያልና።

3ኛ። ከላይ ያለው ወረቀት ተነሥቶ መርፌው በቀዳዳው ወደ ስፖንጁ ይግባ፤ ቀለሙም በዝግታ ይገፋ። ፈጥኖ የተገፋ እንደ ሆነ አየር በስፖንጁ ውስጥ ይቀራል። ቀለሙ በቀዳዳው አፍ ብቅ ያለ እንደ ሆነ ወዲያው ይቁም፤ የተረፈውም በመርፌው ይመለስ።

4ኛ። ወረቀቱ ሲመለስ አየር የሚገባበት ቀጭን መንገድ አይደፈን። አየር ያጣ ካርትሪጅ ጥቂት ገጽ አትሞ ያቆማል፤ ጸሐፊውም ቀለሙ ክፉ የሆነ ይመስለዋል።

5ኛ። የሚረጨው ራስ ጭረት በማያወጣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ቀስ ብሎ ይጫን እንጂ አይፈተግ። ከዚያ በኋላ ካርትሪጁ ጥቂት ጊዜ አርፎ ወደ መኪናው ይመለስና የመሞከሪያ ገጽ ይታተም።

6ኛ። የቀለም ጠርሙስ በደጋ አገር ሲከፈት ጥንቃቄ ያሻዋል። የእንጅባራ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በቆላ የታሸገው ጠርሙስ በድንገት ቢከፈት በውስጡ ያለው አየር ቀለሙን ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ ጨርቅ ተነጥፎለት፥ ክዳኑ በዝግታ ይላላ።

ከተሞላ በኋላ ፕሪንተሩ ካርትሪጁ ባዶ ነው የሚል ቃል ሊያሳይ ይችላል። በካርትሪጁ ላይ ያለው ቺፕ የቀለሙን መጠን የሚያውቀው ከታተመው በመቍጠር እንጂ በመለካት ስላልሆነ፥ ብዙ ጊዜ ቃሉን አልፎ ማተም ይቻላል። አንዳንድ የኤች ፒ መኪናዎች ግን የፋብሪካው ቺፕ የሌለበትን ካርትሪጅ አይቀበሉም፤ ስለዚህ የፋብሪካውን ካርትሪጅ ከመጣል ይልቅ ጠብቆ መሙላት ይሻላል።

የገዛውን ዕቃ መልሶ የሚሞላ ሰው የሌላውን መብት የነካ እንዳይመስለው፥ በዚህ ነገር በአሜሪካ የተሰጠውን ፍርድ ማስታወስ ይበቃል። ሌክስማርክ የተባለው ፋብሪካ ያገለገሉ የቶነር ካርትሪጆችን የሚሞላ አንድ ትንሽ ኩባንያ በከሰሰ ጊዜ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 ፋብሪካው ካርትሪጁን ከሸጠው በኋላ የፈጠራ መብቱ በዚያ ካርትሪጅ ላይ እንደሚያበቃ ፈርዷል።

ፕሪንተር ስለ መምረጥ

ከመሙላት የሚሻለው ከመጀመሪያው ለመሙላት የተሠራውን መኪና መግዛት ነው። በእስያ አገሮች ብዙ ሰዎች በካርትሪጅ ዋጋ ተማርረው ከመኪናው ውጭ ትላልቅ የቀለም ዕቃ እያስቀመጡ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ኤፕሰን ይህን አይቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 የቀለም ጋን ያለውን መኪና በመጀመሪያ በኢንዶኔዥያ ለገበያ አወጣ፤ ኋላም ካኖን፥ ኤች ፒና ብራዘር ተከተሉት። እነዚህ መኪናዎች መርፌ አይፈልጉም፤ ከጠርሙሱ ወደ ጋኑ ማንቈርቈር ብቻ ነው።

የሒሳቡም ልዩነት ታላቅ ነው። ፋብሪካዎቹ በሚያስታውቁት ልክ፥ የኤች ፒ 123 ጥቁር ካርትሪጅ 120 ገጽ ያህል ያትማል፤ ኤል 3250 ለተባለው የኤፕሰን ባለ ጋን መኪና የሚሆነው 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ ግን 4,500 ገጽ ያህል ያትማል። ስለዚህ 10,000 ገጽ ለማተም በአንደኛው 84 ካርትሪጅ፥ በሁለተኛው 3 ጠርሙስ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሥራ ላይ የሚገኘው ገጽ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ካርታና ሠንጠረዥ ከተራ ደብዳቤ የበለጠ ቀለም ይጠጣሉና፥ ከመጀመሪያው ጠርሙስም ከፊሉ ቱቦዎቹን ለመሙላት ይውላል። ቢሆንም የሁለቱ ርቀት አይጠፋም። በአዊኛና በአማርኛ ሁለት ጊዜ በሚዘጋጅ ማስታወቂያ ደግሞ ርቀቱ ይበልጥ ይሰማል።

ነገር ግን ባለ ጋን የሆነ ሁሉ ለውል ወረቀት ይሆናል ማለት አይደለም። የኤል 3250 ጥቁር ቀለም ዳይ ነው፤ ለማስታወቂያና ለረቂቅ ያገለግላል፥ ለ5 ዓመት ውል ግን አይታመንም። የኤፕሰን ኤል 4150 ጥቁር ቀለም፥ የካኖን ጂ አይ 490 ጥቁር ጠርሙስና የኤች ፒ ጂ ቲ 51 ጥቁር ጠርሙስ ፒግመንት ናቸው። የመጀመሪያው 7,500፥ ሁለተኛው 6,000፥ ሦስተኛው 5,000 ገጽ ያህል እንደሚያትም ፋብሪካዎቹ ያስታውቃሉ። የካኖንና የኤች ፒ ባለ ጋን መኪናዎች የሚረጨውን ራስ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ለመለወጥ ስለሚያስችሉ፥ ጠጋኝ ለራቀበት ቀበሌ ይህም አንድ ጥቅም ነው።

ሌዘር የሚባለው ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ቶነር የሚባለውን ዱቄት በሙቀት አቅልጠው በወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቁ ጽሑፋቸው በውሃ አይፈስም። ነገር ግን ለማሞቂያው ብዙ መቶ ዋት ይፈጃሉ፤ ትንሹ ባለ ጋን ኢንክጄት ሲያትም ከ20 ዋት በታች ስለሚበቃው በፀሐይ ኃይል ወይም በትንሽ ባትሪ ይሠራል። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ቀበሌ ባለ ፒግመንት ኢንክጄት፥ መብራት በማይጐድልበትና ብዙ በሚታተምበት የከተማ ጽሕፈት ቤት ሌዘር ይስማማል። ዳይ ያለው መኪና ብቻ የሚገኝ እንደ ሆነም ዘዴ አለ፤ ውሉ ታትሞ በፎቶ ኮፒ ይባዛና ፊርማና ማኅተም በኮፒው ላይ ይደረግ።

ግዢ በጨረታ በሚደረግበት ጊዜ እንግዲህ የመኪናውን ዋጋ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ነጋዴው መኪናውን ከ10,000 ገጽ ቀለም ጋራ በአንድ ዋጋ እንዲያቀርብ፥ ጥቁሩም ፒግመንት ይሁን ዳይ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ፥ ቀለሙም በባሕር ዳር ወይም በቅርብ ከተማ የሚገኝ መሆኑን እንዲገልጽ ይጠየቅ። እንዲህ ሲደረግ ርካሽ የሚመስለው መኪና ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስለ አያያዝ

ባለ ጋን መኪናን የሚያጠፋው ትልቁ ነገር መድረቅ ነው። መኪናው በራሱ ቍልፍ ሲዘጋ ራሱን ወደ ማረፊያው ወስዶ ይከድነዋል፤ ገመዱ ከግድግዳው ሲነቀል ወይም መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ግን ራሱ ሳይከደን ይቀርና ቀለሙ በቀዳዳው ላይ ይደርቃል። ስለዚህ መብራቱ በተመለሰ ጊዜ መኪናው ተከፍቶ በቍልፉ እንደ ገና ይዘጋ። በሳምንት አንድ ገጽ እንኳ በሁሉም ቀለም ይታተም፤ በዓል ወይም ዕረፍት በሚረዝምበት ጊዜም ይህ አይረሳ።

የራስ ጽዳት የሚባለው ትእዛዝ በተደጋገመ ቍጥር ቀለም ይባክናል፤ የሚፈሰውም ቀለም በመኪናው ውስጥ ባለ መጣጭ ይጠራቀማል፤ መጣጩ ሞላ ተብሎ በተቈጠረ ጊዜ መኪናው ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጸድቶ ያልተስተካከለ መኪና ሦስተኛ ከመጽዳቱ በፊት አንድ ሌሊት ይረፍ። መኪናው ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰድም ሳይጋደም በአግድም ይያዝ፤ በተጋደመ ጊዜ ቀለሙ ይፈስሳል።

በክረምት ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ ወረቀት በመኪናው ውስጥ ይጣበቃል፥ ፊደሉም ዙሪያው ይፍረከረካል። ስለዚህ የተከፈተው እሽግ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ መኪናውም ሥራ በሌለው ጊዜ ከአቧራና ከከሰል ብናኝ በጨርቅ ይሸፈን። ለባለይዞታው የሚሰጠው ወረቀትም በላስቲክ ገብቶ ይሰጠው፤ የማኅተሙና የብርዑ ቀለም ራሱ ውሃ የማይችል ሊሆን ይችላልና። የተደፋ ቀለም በአፈር ወይም በሰጋቱራ ይመጠጥ እንጂ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አይታጠብ።

በመጨረሻ በየጽሕፈት ቤቱ አንዲት ትንሽ መዝገብ ትኑር። በርሷም ቀለሙ የተሞላበት ቀን፥ የጠርሙሱ ስምና ዓይነት፥ ከሞላበት ጊዜ ጀምሮ የታተመው ገጽ፥ የውሃውም ፈተና ውጤት ይጻፍ። የመሬት አስተዳደሩ ሹም ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን መዝገብ የመመልከት ልማድ ቢኖረው፥ ባለመሬቱም ሆነ ተከራዩ በ5ኛው ዓመት ዲከረንሱ ተቈርጦ ገንዘቡ በሚከፈልበት ቀን ወረቀታቸውን ከሣጥን አውጥተው ዘርግተው ሊያነቡት ይችላሉ። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ቀለም አይበልጥም፤ የሚያድነው ክርክር ግን ብዙ ነው።